አርፈሽ ተቀመጪ

እንደምን ዋላችሁ፣ የቅሬያችን፣ የእድራችን፣ አባቶችና እናቶች። ሰብሳቢያችን ስለ አልዛይመር፣ ትዝታን ስለሚያጠፋው በሽታ፣ ትንሽ በል ሲሉኝ ጽፌ መጣሁ። እኔን ያመጣኝ ግን የእናቴ ነገር ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ዘንቢሏን አንጠልጥላ ሰኞ ገበያ በእግሯ የምትሄድ፣ ሽሮዋን በርበሬዋን ተሸክማ የደሴን ዳገት የምትወጣ፣ መንገድ ላይ ካገኘችው ሰው ሁሉ ጋር ቆማ የምታወራ ሴት ነበረች። 68 ዓመት ሲሆናት እኛ ልጆቿ ሶፋ ገዛንላት። ገበያውን እኛ በባጃጅ፣ ቡናውን እህቴ። አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ! ብድግ ስትል "ምን ፈለግሽ? እኛ እናመጣለን" እንላለን። ምርቃት ያፈስን መስሎን።

ከ4 ዓመት በኋላ አንድ ቀን ቡና ላፍላ ብላ ተነሳች። ጀበናውን ጣደች፣ ሲኒውን ደረደረች። ስትቀዳው ባዶ የፈላ ውሃ ነው። "በሉ አቦሉን ጠጡ" አለች። ከማናችንም ቃል አልወጣም። ጠጣነው።

ጎረቤት ጃጅታ ነው አለ። አይደለም፣ የአንጎል በሽታ ነው። መቀመጧ አመጣባት አልልም፤ ዕድሜም ዘርም አለበት። በእግር መሄድም ዋስትና አይሆንም። ግን አደጋውን ይቀንሳል። በ2011 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ እንቅስቃሴ የማያደርጉ 120 አዛውንቶችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን 40 ደቂቃ በእግራቸው እንዲሄዱ፣ ግማሾቹ ሰውነታቸውን እንዲያፍታቱ ብቻ አደረጉ። በዓመቱ በእግራቸው የሄዱት ሰዎች የአንጎል ክፍል፣ ትዝታ የሚይዘው፣ 2 በመቶ ገደማ አደገ። የሌሎቹ ቀነሰ።

እኛ ግን "አርፈው ይቀመጡ" ማለትን አክብሮት አድርገነዋል። ምን ዓይነት አክብሮት ነው ሰውን ከገበያው፣ ከቡናው፣ ከጎረቤቱ የሚነጥል? ሰው ሲሞት ሁላችንም ሥራ ፈትተን በእግራችን እንሸኛለን። በሕይወት ካለው አባታችን ጋር ግማሽ ሰዓት የሚሄድ ሰው ይጥፋ?

የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ አድርጉ ይላል። ጉልበት የሚያመው ሐኪሙን ይጠይቅ። ለአንጎልም ነውና ግፊትና ስኳር ተለኩ፣ ጆሮ የከበደውም ይታይ።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቅሬው ዕቃ ቤት ደጅ እንገናኝ። እናቴን ይዣት እመጣለሁ። ስሜ ይጠፋባታል፤ እጄን ከያዘች ግን ትሄዳለች።