ጀልባችንን እንሽጣት፣ እንስጣት ወይስ እንጨርሳት?

የማኅበራችን አባላት፣ ከዘጌም ከጎርጎራም ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ወደ ባሕር ዳር በደህና መጣችሁ! የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን ያቀርቡታል፣ ሒሳቡን ኦዲተራችን። እኔ ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራ፦ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ስለቆመችው ጀልባ።

ታሪኳን ታውቁታላችሁ። ቀፎዋ፣ ማለትም የብረት አካሏ፣ ተበይዶ አለቀ፣ ከዚያ የሞተር ዋጋ ጣሪያ ነካ፣ ሥራው ቆመ። በየጉባኤው «ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ» እንላለን። ዘንድሮ ግን አናስተላልፈው፣ ብረት አይጠብቀንማ። የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው ለብረት ከባሕር ይሻላል፤ እሷ ግን ውሃ ላይ አይደለችም። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ በሸራው ቀዳዳ ይገባና ከወለሏ ሥር ይጠራቀማል፣ መውጫም የለው። ከውጭ ቀለሟን አይታችሁ ደህና ናት አትበሉ፤ ዝገቱ የሚበላት ከውስጥ ነው።

«ቀፎው ካለቀማ ምን ቀረ?» የሚሉ አሉ። ገንዘብ የሚበላው እኮ የቀረው ነው! ሞተር፣ መሪ፣ የነዳጅ ታንክ፣ ውሃ መምጠጫ ፓምፕ፣ ጣሪያ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት፣ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ። እንቦጩም አለ። ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስብበትን ይደፍናል፤ ስለዚህ በርካሽ የተገኘ ሞተር ሁሉ ሞተር አይሆነንም።

እንሽጣት ለምትሉ፦ ባዶ ቀፎ የሚገዛ ሰው የሚያስበው በኪሎ ነው። ያስጀመሯት አባቶች አንዳንዶቹ አርፈዋል፣ ላባቸውን በኪሎ መሸጥ የሚመስላችሁ አላችሁ፣ እኔንም ያመኛል። ግን እነሱ የለፉት ሰው ውሃውን እንዲሻገርባት እንጂ ግቢ ውስጥ እንድትቆም አልነበረም። ላሜራው ሳስቶ ከተገኘ ትሸጥ፣ ብሩም ለሌላ ጀልባ ይሁን።

ለደቅ ደሴት ሰዎች እንስጣት የሚለው ሐሳብ ልቤን ይነካዋል። ደቅ ደሴት ላይ ሰው ሲታመም፣ ሴት ምጥ ሲይዛት፣ መንገዱ ውሃ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሕመምተኛ ይዞ በደንገል ታንኳ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ካፒቴኖች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ግን ሞተር የሌላትን ጀልባ ብንሰጣቸው የሰጠናቸው ዕዳ ነው። እኛ በዚህ ሁሉ አባል ያቃተንን እነሱ በምን አቅማቸው ይጨርሱት? ስጦታ ነውና እምቢ አይሉም፣ ይሉኝታ ይይዛቸዋል፣ ከዚያ እዚያ ዳር ላይ ትዝጋለች፣ እኛም «ሰጥተናል» ብለን እንተኛለን። ይህን አልፈልግም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ እንጨርሳትና እንስጣት ነው። ግን በድሮው ፕላን አይደለም። ድሮ ለቱሪስት ብለን ባለ ሁለት ፎቅ አስበናት ነበር። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀት የለውም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ባለ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲመጣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ላዩ የከበደ ጀልባ ደግሞ ያንን አይወደውም። ትልቋ ጀልባ ጣናነሽ ሁለትም ከጅቡቲ በመኪና ተጭና ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታለች፣ ደስ ብሎናል። አሁን የጎደለው ትንሿ ናት፦ አንድ ቃሬዛ የምትይዝ፣ ጥቂት ሰው የምትጭን፣ ነዳጅ የማትፈጅ።

ዛሬ ከምሳ በፊት ሦስት ሰው እንምረጥ፣ አንዱ በያጅ ይሁን። ወለሏን ያንሱ፣ ውሃውን ያውጡ፣ እያንዳንዱን ላሜራ በመዶሻ መትተው ድምፁን ይስሙ፣ የተጠራጠሩትን በመሣሪያ ይለኩት። ውጤቱን ከጥምቀት በፊት ያምጡልን። የደቅ ሰዎችንም ቀድመን እንጠይቃቸው፤ ማን ይነዳታል፣ ነዳጇን ማን ይችላል፣ መልሕቋስ የት ይጣላል? ያለ እነሱ መልስ አንድ ብር አናወጣም።

ለማዋጣት ቃል የምትገቡ ስማችሁንና መጠኑን በር ላይ ባለው መዝገብ ጻፉልኝ። አሁን መድረኩን ለጸሐፊያችን ልልቀቅ።