አያምም አትበሏቸው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ብሬስ ነው የማወራው፤ ጥርስ ላይ ስለሚታሰረው ሽቦ።

ልጄ ብሬስ ካሳሰረች ወዲህ የሚያገኘኝ ወላጅ ሁሉ «ያማል እንዴ?» ይለኛል። ልጁ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ። መልስ ሳልሰጥ ደግሞ ራሱ ቀጥሎ «ምንም አይልም፣ አይደል?» ይላል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ያማል። ልጁም አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አያምም ተብሎ የሄደ ልጅ በማግስቱ ሲያመው የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስለዋል፤ ይደነግጣል።

የሚታሰርበት ቀን ግን አያስፈራም። አብዛኛውን ጊዜ መርፌም መሰርሰሪያም የለም። ከንፈርና ጉንጭ በፕላስቲክ ይያዛሉ፣ ጥርሱ ጄል ይቀባል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ ብራኬቶቹ፣ ማለትም ሽቦውን የሚይዙት ትንንሽ ቁራጮች፣ ጥርሶቹ ላይ አንድ በአንድ ይለጠፋሉ፤ ማጣበቂያው በሰማያዊ መብራት ይጠነክራል። ሽቦው መጨረሻ ላይ ይገባል። ጄሉ ምላስ ከነካ ይኮመጥጣል። ልጄ ከሁሉ የጠላችው እሱን ነው።

ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። በማግስቱ ለስላሳ ነገር መንከስ ራሱ ጭንቅ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ሽቦው ሲስተካከል ደግሞ ትንሽ ይመለሳል።

ለምን ያማል? ለልጆች መንገር የምወደው ይህን ነው። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር ተመትቶ የገባ ነገር አይደለም። ሥሩን ዙሪያውን የያዘው ስስ ጅማት አለ። ሽቦው ጥርሱን ሲገፋ ጅማቱ በአንድ በኩል ይጨመቃል፤ እዚያ ያለውን አጥንት የሰውነታችን ሴሎች ቀስ በቀስ ያሟሙታል። በሌላው በኩል ይወጠራል፤ እዚያ ደግሞ ሌሎች ሴሎች አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ጥርሱ ቦታ የሚቀይረው እንዲህ ነው። ይህ በጥድፊያ አይሆንም፤ ብዙ ልጆች ከ1 እስከ 3 ዓመት ብሬስ ያደርጋሉ። ይህን ወረቀት ላይ ስዬ ካሳየኋት በኋላ የልጄ ጥያቄ ተለወጠ። «መቼ ነው የሚወጣልኝ?» ማለቱን ትታ «አሁን የትኛው ጥርስ ነው የሚሄደው?» ትለኝ ጀመር።

አሁን ልጆቹን ጥሩልኝማ።

ልጆች፣ ሐኪሙ የሚያያችሁ አልፎ አልፎ ነው። የቀረው ሥራ የእናንተ ነው። ብራኬቶቹ ላይ የሚያያዝ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት ከተሰጣችሁ በተባላችሁት ሰዓት ልክ አድርጉት፤ በኪስ የሚዞር ላስቲክ ጥርስ አያንቀሳቅስም። ብሩሹን ከሽቦው በላይም በታችም አዘንብላችሁ ፈትጉ። ብራኬት ዙሪያ ምግብ ሲከርም ጥርሱ ማዕድኑን ያጣል። ብሬሱ የወጣ ቀን ብራኬቱ የነበረበት ቦታ ደህና ሆኖ ዙሪያው ነጭ ነጠብጣብ ይታያል። ያ ነጠብጣብ በብሩሽ አይለቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ታግሳችሁ እንዲህ እንዲሆንባችሁ በፍጹም አልፈልግም።

ብራኬቱ ከንፈራችሁን ከፋቀ እሱ ላይ የሚለጠፍ የብሬስ ሰም አለ። መጀመሪያ ብራኬቱን በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ እርጥብ ላይ አይዝም። ከዚያ ሰሙን በጣታችሁ አድቦልቡላችሁ ለጥፉበት። የሽቦው ጫፍ ከወጋችሁ ወይም ብራኬት ከተነቀለ ለወላጅ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ጋር ይደወል። ማንም አይቆጣችሁም። በረዶ መቆርጠም፣ ደረቅ ከረሜላና ማስቲካ ይቅርባችሁ። ኳስ የምትጫወቱ ደግሞ ለብሬስ የሚሆን የአፍ መከላከያ ጠይቁ።

ወላጆች፣ ብሬሱ ሲወጣ ነገሩ አላለቀም፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል፤ ስለዚህ ሪቴይነር፣ ማለትም ጥርሱን በአዲስ ቦታው የሚይዝ መሣሪያ፣ ይሰጣል። የሚወልቀው ዓይነት ከሆነ ሲበሉ ሶፍት ውስጥ አይጠቅልሉት፤ ከሶፍቱ ጋር ተጠርጎ ይጣላል። ሳጥኑ ውስጥ ይግባ። በፈላ ውኃም አትጠቡላቸው፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

በሉ፣ ቸር ሰንብቱ።