አረንጓዴዋ መብራት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቤቴ ውስጥ። ከኋላዬ የሚንጫጫ ነገር ከሰማችሁ ዝናብ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ታውቁታላችሁ።

ስለ ቮልሷ ላወራችሁ ነው። የአባቴ ነበረች። በፈረንጅ 1965 የተሠራች፣ ባለ 1200 ሲሲ ሞተር። ውኃ አትጠጣ፣ ራዲያተር የላት። የሚያቀዘቅዛት አየርና ዘይት ነው። ዘይቷም ብዙ እንዳይመስላችሁ፣ 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው። እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች ፊልትሮ እንኳ የላትም። ከሥር አንዲት ወንፊት አለች፣ በቃ። ስለዚህ ዘይቷ ከታመመ ሁለመናዋ ታመመ ማለት ነው።

ከመሪዋ ፊት ሁለት ትንንሽ መብራት አላት። ቀይዋ የዲናሞ ናት፣ አረንጓዴዋ የዘይት። ሞተር እየሠራ አረንጓዴ በራ ማለት የዘይቱ ግፊት ወርዷል፣ ችግር መጣ ማለት ነው። ማን እንዲህ እንዳሰበው እንጃ።

ነገሩ የጀመረው በእማዬ ጆሮ ነው። መስማት ከበዳት። እዚሁ ያሳየናቸው ሰዎች «ዕድሜ ነው» ብለው መለሱን። እኔም አመንኩ። ሰባ አራት ዓመቷ ነዋ! በኋላ እህቴ ጨቅጭቃኝ አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሙ በመብራት አየና ፈገግ አለ። ኩክ ነው። ደርቆ ዘግቷት ኖሯል። ማውጣቱ ሩብ ሰዓትም አልፈጀ። «የጆሮ ሰም ነው እናቴ» ሲላት፣ የጎጃም ሰው አይደለች፣ «እንግዲህ ሰሙ ከወጣ ወርቁ ይገባላ» አለችው።

በማግስቱ ወደ ቤት ተነሳን። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ ያስፈልጋል፣ አባይ ድልድይ ስትደርሱ ላብ። ከ1000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ያንኑ ያህል ደግሞ ወደ ደጀን መውጣት ነው። ቮልሷ በሁለተኛ ማርሽ ስታቃስት እማዬ ድንገት፣

«ይቺ መኪና ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ የምትንኳኳው?» አለችኝ።

ሁልጊዜ አልነበረም። እኔ ለምጄው ነው እንጂ።

ደጀን ለምሳ ስንቆም ሞተሯን ሳላጠፋ፣ ነዳጅም ሳልሰጥ፣ በሚኒሞ ተውኳት። አረንጓዴዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ነዳጅ ስሰጥ ትጠፋለች፣ ስለቅ ትመጣለች። እማዬ አይታ፣ «አረንጓዴ አይደል? ሂድ ነው የሚልህ» አለች። ሳቄን ዋጥኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያቺን መብራት ያኔ አይደለም መጀመሪያ ያየኋት። ከዓመት በፊት እንዲሁ ብልጭ ስትል «ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» ብለው መከሩኝና 50 ቁጥር ሞላሁባት። መብራቷ ጠፋች። ያዳንኳት መስሎኝ ነበር። ለካ አፏን ነው የያዝኳት።

ማርቆስ እንደገባን አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አዳመጠና፣ «ብሮንዚን አልቋል። ሞተር ይውረድ» አለኝ። ብሮንዚን ማለት ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ነው። የጠራው ዋጋ አስቀመጠኝ። ምንም አልለካም። «አሮጌ አይደለች እንዴ?» ብሎ ጨመረ። እሺ ልል ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ይህችን ቃል በዚያው ሰሞን ስለ እማዬ ሰምቻታለሁ። አልዋጥልህ አለኝ።

ሰው ጠቁሞኝ ጡረታ ከወጡ ቮልስ አዋቂ ዘንድ ሄድኩ። ከግቢያቸው በር ሥር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። መኪናዋን ሳያዩ ጠየቁኝ።

«ስትሞቅ ነው ወይስ ስትቀዘቅዝ?»

«ስትሞቅ፣ ጋሼ።»

«ዘይቷ ቤንዚን ቤንዚን ይላል?»

የዘይቱን መለኪያ ብረት አውጥቼ አሸተትኩ። አይልም። የቤንዚን ፓምፗ ሸራ ከተቀደደ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየወረደ ያቀጥነዋል፣ ለዚያ ነው የጠየቁት። ቀጥለው ከኋላ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፉት። አልተነቃነቀም። «ብሮንዚን ነው ያለህ ማነው?» አሉ። ዝም አልኩ።

የመብራቱን ስዊች ፈትተው በቦታው ማኖሜትር፣ የግፊት መለኪያ ማለት ነው፣ ገጠሙ። ቀዝቃዛ ሳለች ቀስቱ 3 ባር አለፈ። አንድ ሰዓት ነድቻት መጣሁ። ዘይቱ ሲሞቅ፣ ሞተሩ ወደ 2500 ዙር ሲደርስ ቢያንስ 2 ባር መኖር አለበት። አንድ ብቻ ነው ያለው። የዘይት መለኪያዋም በእጅ አይያዝም፣ ታቃጥላለች።

«ዘይቱ ወደ ማቀዝቀዣው አይሄድም» አሉ። ያስረዱኝን በራሴ አማርኛ ልሞክር። ከሞተሩ ሥር ሞላ ያለባት ትንሽ ፒስተን አለች፣ እንደ በረኛ ናት። ጠዋት ዘይቱ ወፍራም ሲሆን ግፊቱ ወደ ታች ይገፋታል። ያኔ ዘይቱ ማቀዝቀዣውን ትቶ በአቋራጭ ይሄዳል፣ የተረፈውም ተመልሶ ወደ ታች ይፈስሳል። ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሞላዋ ወደ ላይ ትመልሳታለች፣ አቋራጩ ይዘጋል። ላይ ተጣብቃ ብትቀር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ጠዋት ወፍራሙ ዘይት ማቀዝቀዣውን ሊያፈነዳው ይችላል። የእኔዋ የተጣበቀችው ታች ነው። በዚያ ላይ የማርቆስን ብርድ ጠዋት ጠዋት በ50 ቁጥር ዘይት እየቀጠቀጥኳት ከረምኩ።

መኪናዋን በክሪክ አንስተን፣ ድንጋይ ደግፈን፣ ሥሯ ገባን። ትልቁን ብሎን በካቻቢቴ ሲፈቱት ሞላዋ ዱብ አለች። ፒስተኗ ግን የለችም። እንደተሰነቀረች ናት። የብሎን ጥርስ ማውጫ ብረት ወደ ባዶ ሆዷ አስገብተው አጠበቁና ቀስ ብለው ሳቡ። «ፏ» ብላ ወጣች። ከአውራ ጣቴ ጫፍ አትበልጥም። ጎኗ ላይ ቀጭን ጭረት፣ ጭረቱ ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ የምታህል የብረት ብናኝ። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችብኝ እሷ ናት። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ብዙ አየኋት።

ጋሼ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በዘይት አለሰለሷት። ቤቷን በጨርቅ ጠረጉ። ከአሮጌ ሞተር ላይ ጤነኛ ሞላ አወጡላት። ወንፊቷን በቤንዚን አጠብኩ፣ ጓርኒሲዮኗን ቀየርን፣ 30 ቁጥር ዘይት ሞላን። እንደገና አንድ ሰዓት ነዳኋት። ቀስቱ 2 ባርን ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ።

ሂሳብ ስጠይቃቸው የጠሩት ለዘይቱ ከከፈልኩት ያንሳል። ጨምሬ ልሰጥ ስል ተቆጡኝ።

ባለፈው ወር እማዬን ለክትትል ይዣት ሄጄ ነበር። ስንመለስ ደጀን ላይ ቆምን። ከምሳ በኋላ ቁልፉን ስከፍት አረንጓዴዋ በራች። ሞተር ሳይነሳ ልትበራ ይገባል። ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል ማለት ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አያታለሁ። እማዬም ጎንበስ ብላ ታያታለች፣ አሁን ሥራዋ አድርጋዋለች። አስነሳሁ።

«ጠፋች» አለች። «በል ንዳ።»