ፎርማት ከመደረጉ በፊት

እሷ፦ እሺ፣ ዛሬ ስለ ፎርማት እናውራ፤ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ስለ መጫን ማለት ነው። ኮምፒውተርህ ተንቀራፈፈብህ እንበል፤ ጥገና ቤት ትወስደዋለህ። ልጁ ገና ሳይከፍተው «ይሄማ ፎርማት ይፈልጋል» ይልሃል።

እሱ፦ ሳይመረምር መርፌ የሚወጋ ሐኪም በይው። የሚያናድደው ደግሞ ለጊዜው ይሠራል! ቤት ስትደርሺ ይፈጥናል፣ ባለሙያውን ትመርቂዋለሽ። ከዚያ ያንኑ ፕሮግራም ሁሉ መልሰሽ ስትጭኚ እዚያው የነበርሽበት ትገቢያለሽ።

እሷ፦ ታዲያ መጀመሪያ ምን ይታይ?

እሱ፦ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ የሚሉትን ዓምዶች እያቸው። ምንም ሳትሠሪ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰክቶ፣ ሲፒዩው ግን ዘና ብሎ ከተቀመጠ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዊንዶውስ አይደለም። የድሮው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ አልችል ብሎ ነው። እሱን አሥር ጊዜ ፎርማት ብታደርጊው ያው ነው፤ ገንዘብሽን ለኤስኤስዲ፣ ለማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ አውጪው።

እሷ፦ እዚያው ስታርታፕ የሚልም አለ አይደል? ሰው የማያየው እሱን ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ የሚነሳው መዓት ነው፤ ቴሌግራሙ፣ ዙሙ፣ ቶረንቱ። የማትፈልገው ላይ ራይት ክሊክ፣ ዲሴብል፣ በቃ። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ስትፈልገው ራስህ ትከፍተዋለህ።

እሱ፦ አንቲቫይረሱን ብቻ እንዳትነኪው።

እሷ፦ እኔን ግን ከመንቀራፈፉ በላይ የሚያበግነኝ ዳታው ነው። አንዲት ኢሜይል ልልክ ብለህ ከስልክህ ሆትስፖት ትከፍታለህ፤ ትንሽ ቆይቶ «ፓኬጅዎ አልቋል» የሚል መልእክት! ዊንዶውስ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ አፕዴቱን እየጎተተ ነበር።

እሱ፦ ለሱ መላ አለው። ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ ትገቢና የስልክሽ ሆትስፖት ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሜትርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ታበሪዋለሽ። ይሄ ኢንተርኔት በቆጠራ ነው ማለት ነው፤ ትልልቆቹን አፕዴቶች ያቆማቸዋል። ደስ የሚለው ደግሞ ለዚያ ኔትወርክ ብቻ ነው የሚሠራው። ቢሮ ሄደሽ ያልተገደበ ዋይፋይ ስታገኚ አፕዴቱ እንደ ልቡ ይወርዳል። አንዳንዱ ሰው አፕዴትን እስከ ወዲያኛው ይዘጋል፤ እሱን እኔ አልመክርም።

እሷ፦ በተለይ ፍላሽ ከየቦታው ለሚሰካ ሰው። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽህን ትሰጣለህ፣ መልሰህ ስትሰካው ፎልደሮችህ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ ግራ በኩል ታች ትንሽ ቀስት ያለባቸው። ሰው ይደነግጥና ደጋግሞ ይጫናቸዋል።

እሱ፦ ቫይረሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው! ፋይሎችሽ እኮ አልጠፉም። ደብቋቸው በስማቸው ሾርትከት አስቀምጦ ነው። ስትጫኚው ፎልደሩም ይከፈትልሻል፣ ቫይረሱም በጎን ኮምፒውተርሽ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ምንም ሳትከፍቺ ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ በዲፌንደር፣ በዊንዶውስ በራሱ አንቲቫይረስ፣ ስካን አድርጊ። ቀጥሎ ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ ቪው ላይ «ሾው ሂደን ፋይልስ» የሚለውን ምረጪ፤ እዚያው «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት አንሺው። ፋይሎችሽ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። ሰነዶችሽንና ፎቶዎችሽን ብቻ ኮፒ አድርጊ፤ ሾርትከቱንና የማታውቂውን ነገር ተዪው። ሲያልቅ ፍላሹን ፎርማት አድርጊው።

እሷ፦ አሃ! ፎርማት ፈቀድክ።

እሱ፦ ለፍላሹ! (ሳቅ) ለኮምፒውተሩም ቢሆን ከፎርማት በፊት የሚሞከር አለ። ድንገት መብራት ጠፍቶ ከዚያ ወዲህ የሚያስቸግር ከሆነ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቺና ኤስ፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ከዚያ ስካንናው የሚለውን ከስላሹ ጋር አገጣጥመሽ ጻፊ፤ sfc /scannow ማለት ነው። የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን ፈልጎ ይተካል። ሻይሽን እየጠጣሽ ጠብቂው።

እሷ፦ እሺ፣ ሁሉም ተሞክሮ እምቢ አለ። ልጁ ደግሞ «አይዞሽ፣ ሲን ብቻ ነው የማጠፋው፣ ዲ አይነካም» አለኝ። ሲና ዲ ብዙ ጊዜ የአንዱ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ዊንዶውስ ያለው ሲ ላይ ነው። እዚህ ጋ ነው ስንቱ ሰው ጉድ የሚሆነው። ዴስክቶፕ ላይ የደረደርከው ሁሉ ያለው ሲ ውስጥ ነው እኮ! ዶክዩመንትስም፣ ዳውንሎድስም እንዲሁ።

እሱ፦ ዛሬውኑ ማዛወር ይቻላል። ዲ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሪ፤ ዶክዩመንትስ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ ብለሽ ወደዚያ ላኪው። ስሙም አጠቃቀሙም አይቀየርም፣ መኖሪያው ብቻ ነው የሚቀየረው። ዲስኩ ራሱ ከሞተ ግን ዲም አብሮ ነው የሚሄደው፤ ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑርሽ።

እሷ፦ አንድ የቀረን አለ፤ የድሮ የአማርኛ ሰነዶች። በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፈ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አለህ እንበል። ከፎርማት በኋላ ስትከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት መዓት ነው የሚያሳይህ። ሰዉ «ፋይሉ ተበላሸ» ብሎ ከዜሮ ያስተይባል።

እሱ፦ ምንም አልተበላሸም። እነዚያ የቆዩ ፎንቶች አማርኛውን የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል፤ ፎንቱን መልሰሽ ስትጭኚ ጽሑፉም ይመለሳል። ስለዚህ ከፎርማቱ በፊት ሰነዱን በዎርድ ክፈቺ፣ የፎንቱን ስም እዪ፣ ሲ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ገብተሽ ኮፒ አድርገሽ ያዢው።

እሷ፦ ለአዲስ ጽሑፍ ግን ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ላንጉጅ ውስጥ አማርኛን መጨመር ነው። ኒያላ ፎንትም ከቪስታ ጀምሮ የነበረ ነው። በሱ የምትጽፈው በዩኒኮድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ አሠራር ነው። በዩኒኮድ የጻፍከው የትም ሄዶ ይነበባል።

እሱ፦ ለአሮጌዎቹ ደግሞ ፎንቱ ሳይጠፋ በፊት ፒዲኤፍም አድርጊያቸው። ፎንቱን አብሮ ስለሚይዘው ሌላ ኮምፒውተር ላይም አማርኛው አማርኛ ሆኖ ይከፈታል።