ስትሮጡ ደም ግፊታችሁ ለምን ይጨምራል? ድንገት ስትቆሙስ?

እንዴት ናችሁ ወገኖቼ! ዛሬ ስለ ግፊት ነው፤ እየሮጣችሁ ስላለው ግፊት።

ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም አስቡልኝ። ውሃ ከስንት ቀን በኋላ መጣ። ታች ያሉት ሁሉ ቧንቧ ከፈቱ፤ አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ አንዱ በርሜል ይሞላል፣ አንዱ ጀሪካን ደርድሯል። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ቧንቧቸውን ሲከፍቱ ምን ይሰማሉ? ፍስስስ... አየር ብቻ! ውሃው አላለቀም። ግፊቱ ነው የወረደው። እዚህ ላይ ያዙልኝ፦ ውሃው አላለቀም፣ ግፊቱ ነው የወረደው።

አራተኛ ፎቅ ያለው አንጎላችሁ ነው። ታች ያለው እግራችሁ። ስትሮጡ የእግር ጡንቻ የደም ቧንቧዎቹን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ተቀምጣችሁ ጡንቻ ከሚዘዋወረው ደም አንድ አምስተኛውን ቢወስድ ነው፤ በከባድ ሩጫ 80 በመቶ ይደርሳል። ሰውነት ዝም ቢል ኖሮ ገና ሳትርቁ ራሳችሁን ስታችሁ ትወድቁ ነበር።

ዝም አይልም። ፓምፑን ያበረታል፦ ልብ በደቂቃ ከሚረጨው 5 ሊትር ወደ 20 ሊትር ይወጣል፣ የሰለጠነ ሯጭ ላይ ከ30 ያልፋል። ወደ ሆድና ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ቧንቧ ያጠብባል። ጠግባችሁ ስትሮጡ ሆድ የሚያስቸግረው አንዱም በዚህ ነው። ግፊቱን የሚቆጣጠሩት ዳሳሾች አንገት ላይ፣ ትርታ የምትዳስሱበት አካባቢ፣ እና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ላይ ናቸው። በሩጫ ጊዜ አንጎል የሚፈልገውን የግፊት ልክ ራሱ ከፍ ያደርገዋል።

አሁን ኮሜንት ላይ ወደሚደጋገመው ጥያቄ። «ከትሬድሚል ወርጄ ስለካ 180 አለኝ፣ ግፊት ያዘኝ ማለት ነው?» አይደለም! የላይኛው ቁጥር (ልብ ደም ሲረጭ ያለው ግፊት) ከ120 ተነስቶ 180 ቢገባ ልብ ሥራውን እየሠራ ነው። የታችኛው (ልብ በምት መሃል ስታርፍ ያለው) ግን ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም፣ እንዲያውም ትንሽ ይወርዳል፤ ምክንያቱም የጡንቻው ቧንቧ ተከፍቷል። በሽታ መኖሩ የሚታወቀው በእረፍት ልኬት ነው። ከስፖርትና ከቡና በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆዩ፣ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ 5 ደቂቃ ተቀመጡ፣ ክንዳችሁን በልብ ትክክል አሳርፉ፣ ሳታወሩ ተለኩ። በእረፍት 180 በ110 ከሆነ ግን ሩጫው ይቆይ፣ መጀመሪያ ሐኪም።

ብረት ማንሳት ሌላ ነው። የተወጠረ ጡንቻ ቧንቧውን ይጨፈልቀዋል፤ ትንፋሽ ከያዛችሁበት ደግሞ ይብሳል። ከባድ ክብደት በእግር ሲገፋ የላይኛው ቁጥር ከ300 አልፎ ተለክቷል። ስለዚህ ስታነሱ ተንፍሱ። ግፊት ያለበት ሰው ይህን በተለይ ይስማኝ። (ይህን ቪዲዮ ለእሱ ሼር አድርጉለት፣ ሰብስክራይብም አትርሱ።)

እና ትልቁ ስህተት፦ የሩጫውን መጨረሻ መስመር አልፎ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ስልክ አውጥቶ ፎቶ። እየሮጣችሁ ሳለ ባታችሁ በተኮማተረ ቁጥር ደሙን ጨምቆ ወደ ላይ ይመልሰው ነበር። ስትቆሙ ጭመቃው ቆመ፤ ታች ያሉት ቧንቧዎች ግን ገና እንደተከፈቱ ናቸው። ደሙ እግር ላይ ይቀራል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በእግር ተራመዱ። ካዞራችሁም ቆማችሁ አትታገሉ፤ ተጋደሙና እግራችሁን ቦርሳ ላይ ከፍ አድርጉ።