ልጃችሁን ቤት እያስተማራችሁ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ማግኘት፦ አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች

(ስክሪን ላይ፦ የወጥ ቤት ጠረጴዛ። የሥዕል ካርዶች፣ እርሳስ፣ ተበልቶ ያላለቀ ሙዝ።)

ልጄ አምስት ዓመቱ ላይ ትምህርት ቤት ውስጥ ምዘና ተደረገለት። መዛኟ አንድ የሥዕል ካርድ አነሳችና በእንግሊዝኛ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችው። ልጄ ካርዱን ትክ ብሎ አየ። ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳረፈና «ድመት» አለ። እሷ ወረቀቷ ላይ ዜሮ ጻፈች። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሕጉን ስለማላውቅ ዝም አልኩ።

በዓመቱ ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ሆምስኩል ጀመርን። ኦቲዝም ወይም ሌላ ልዩ ፍላጎት ያለውን ልጃቸውን ቤት የሚያስተምሩ ሐበሻ ወላጆች ሳገኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጄን ካወጣሁት ስፒች ቴራፒውም፣ ማለትም የንግግር ድጋፉ፣ ቀረ ማለት ነው?»

መልሱ እንደምትኖሩበት ስቴት ይለያያል። የትም ብትኖሩ የማይቀርባችሁ ግን አለ። ነፃ ምዘና።

(ስክሪን ላይ፦ አይዲኢኤ)

የአሜሪካ የልዩ ትምህርት ሕግ መጀመሪያ የወጣው በ1975 ነው። አሁን አይዲኢኤ ይባላል። በዚህ ሕግ መሠረት ስኩል ዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአካባቢያችሁ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ፈልጎ የማግኘትና የመመዘን ግዴታ አለበት። ቢሮዎቹ ይህን «ቻይልድ ፋይንድ» ይሉታል። ቤት የሚማር ልጅም ይካተታል። አምስት ሳንቲም አትከፍሉም። «ቤት ስለሚማር አንመዝነውም» ካሏችሁ ተሳስተዋል።

ምዘናና አገልግሎት ግን ለየብቻ ናቸው። ብዙ ቤተሰብ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ፐብሊክ ስኩል የሚማር ልጅ አይኢፒ፣ ማለትም ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ የትምህርትና የድጋፍ ዕቅድ፣ ይወጣለታል፤ እዚያ ላይ የተጻፈውን አገልግሎት ትምህርት ቤቱ የግድ ይሰጠዋል። ልጁን ስታወጡት ግን አይኢፒው አብሮት ቤት አይመጣም። ይህን ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የገባኝ የማስወጫ ፎርሙን ከፈረምኩ ከወር በኋላ ነው። እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «ከዚህ በኋላ ለልጄ ምን ይቀርለታል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

(ስክሪን ላይ፦ ካርታ። ቨርጂኒያ ይደምቃል።)

ቨርጂኒያን እንይ፤ ብዙዎቻችሁ እዚያው ናችሁ። በቨርጂኒያ የልዩ ትምህርት ደንብ ቤት የሚማሩ ልጆች ከግል ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ነው የሚመደቡት። ዲስትሪክቱ ከፌዴራል ገንዘቡ ላይ ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ድርሻ ይቆርጣል። ከግል ትምህርት ቤቶችና ከወላጅ ተወካዮች ጋር ይመካከራል፤ ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚሰጥ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚወስነው ግን ራሱ ነው። ስፒች ሰጥቶ ሌላውን ሊተው ይችላል። የሚወጣላችሁ ወረቀትም አይኢፒ ሳይሆን «ሰርቪስ ፕላን» ነው፤ ዲስትሪክቱ ለመስጠት የወሰነው አገልግሎት ብቻ የሚጻፍበት ዕቅድ።

ልብ በሉ፤ ያ ድርሻ የሚሰላው በልጆች ቁጥር ነው። ቆጠራው በየዓመቱ ከኦክቶበር 1 እስከ ዲሴምበር 1 ባለው ጊዜ ውስጥ ይካሄዳል። ያልተመዘነ ልጅ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። አገልግሎቱን ባትፈልጉት እንኳ አስመዝኑ የምለው ለዚህ ነው።

ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ቤት የሚማር ልጅ ፐብሊክ ስኩል ውስጥ በከፊል እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ልጁ ለስፒች ብቻ ሄዶ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል። ኒውዮርክ ከሆናችሁ ጁን 1ን አትርሱ፤ ለሚቀጥለው የትምህርት ዓመት አገልግሎት የምትጠይቁበት ደብዳቤ እስከዚያ ቀን መግባት አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት ለሚማሩ ልጆች የተከፈቱ ቻርተር ስኩሎች፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ግን ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ትምህርት ቤቶች፣ አሉ። እዚያ የተመዘገበ ልጅ የፐብሊክ ስኩል ተማሪ ስለሆነ አይኢፒው ይቀጥላል።

(ስክሪን ላይ፦ ደብዳቤ)

አሁን ምዘና ወደምትጠይቁበት ደብዳቤ። በስልክ መጠየቅ አይበቃም፤ የተጻፈ ነገር ይኑራችሁ። የእኔ ደብዳቤ ይህችን ታክላለች፦ «ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ቤት እናስተምረዋለን። ልዩ ፍላጎት አለው ብዬ ስለማምን ሙሉ የልዩ ትምህርት ምዘና እንዲደረግለት እጠይቃለሁ። ቤት ውስጥ የሚናገረው አማርኛ ነው። ለእኔም አስተርጓሚ ያስፈልገኛል።» ቀን ጻፉ፣ ፈርሙ፣ በኢሜይል ላኩ፣ ኮፒውን አስቀምጡ። በፌዴራል ሕግ ምዘናው ፈቃዳችሁን ከሰጣችሁ በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የራሱን ቀነ ገደብ ያወጣ ስቴትም አለ። ቨርጂኒያ ጥያቄው ከደረሰው ጀምሮ 65 የሥራ ቀን ይሰጣል።

«አንመዝንም» ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። በውጤቱ ካልተስማማችሁም በዲስትሪክቱ ወጪ በገለልተኛ ባለሙያ ይመዘንልኝ ማለት ትችላላችሁ። ያኔ ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ ምዘናቸው ትክክል መሆኑን በችሎት ያስረዳሉ።

አንዲት እናት «ካስመዘንኩት ልጄን አስገድደው ይመልሱታል» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። እህቴ፣ አይመልሱትም። ምዘናውን ወስዳችሁ አገልግሎቱን አንፈልግም ማለት መብታችሁ ነው። ምዘናውን ራሱን እምቢ ብትሉም፣ ቤት ለሚማር ልጅ ዲስትሪክቱ በችሎት ሊያስገድዳችሁ አይችልም።

ስለ አስተርጓሚም አንድ ነገር ልበል። ታላቅ ልጃችሁን ወይም የቤተ ክርስቲያን ጓደኛችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። ገመናችሁን ደብቁ ማለቴ አይደለም። ቃሉን በትክክል የሚያውቅ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። እኛ ስብሰባ ላይ የመጣው አስተርጓሚ ልጄን «በሽተኛው» ብሎ ተረጎመው። አቋረጥኩትና «ልጁ አልታመመም፤ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ በል» አልኩት። ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ።

(ስክሪን ላይ፦ የላም ሥዕል ያለበት ካርድ)

ልጄ በሰባት ዓመቱ እንደገና ተመዘነ። ልጅን በሚችለው ቋንቋ መመዘን ሕጉ ላይ ያለ ነገር መሆኑን ያኔ አውቄያለሁ። አማርኛ የምትችል አስተርጓሚ አጠገቡ ተቀመጠች። መዛኟ ካርዱን አነሳች። ልጄ «ላም» አለ። ትንሽ ቆየና «እምቧ!» ብሎ ጨመረ። መዛኟ ወደ አስተርጓሚዋ ዞረች። ትርጉሙን ስትሰማ ሳቀችና ሁለቱንም ጻፈቻቸው።