«እሱ ያወቀው ካልቀረ እኔ ምን ላድርግ?» ስለ ቅድመ ውሳኔ፣ ነጻ ፈቃድና መዳን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከአድማጮች የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ግምት ተሸክመው መጥተዋል፤ ካልቪናውያን (የተሐድሶው መምህር የዮሐንስ ካልቪን ተከታዮች) ጸጋን፣ አርሚኒየሳውያን (የያዕቆብ አርሚኒየስ ተከታዮች) ደግሞ የሰውን ጥረት ይሰብካሉ የሚል። ክርክሩ ግን እዚያ ላይ አይደለም። መዳን በጸጋ መሆኑን ሁለቱም ይናገራሉ። ጠቡ ያለው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ እግዚአብሔር ሲመርጥ በምን መሠረት መረጠ? ሰውስ የቀረበለትን ጸጋ እምቢ ማለት ይችላል ወይ?

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር መዳኔን ወይም መጥፋቴን ከዘላለም ካወቀ፣ እሱ ያወቀው አይቀርም። ታዲያ ባምንም ባላምንም፣ ብጸልይም ባልጸልይም ምን ይለወጣል?

መልስ፦ ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገር ተጣብቋል። አንዱ «እግዚአብሔር ያወቀው ይሆናል» የሚለው ነው፤ ይህን ከጥቂቶች በቀር ክርስቲያኖች ሁሉ ይቀበላሉ። ሌላው «ስለዚህ ከዚያ ሌላ መሆን አይችልም ነበር» የሚለው ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው በራሱ አይወጣም። መንገደኛ ሲራመድ እያዩ ከሆነ መንገደኛው በእርግጥ እየተራመደ ነው፤ ያራመደው ግን የእርስዎ ዓይን አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈላስፋ ቦኤቲየስ መልሱን የሠራው በዚህ ምሳሌ ነው። ለእግዚአብሔር ዘመን ሁሉ እንደ አንድ አሁን ስለሆነ፣ ማየቱ የሚታየውን ሥራ ግድ አያደርገውም ይላል።

ካልቪናውያን ይህ መልስ አይበቃም ይላሉ። ለእነሱ እግዚአብሔር ዳር ቆሞ የሚመለከት አይደለም፤ የሚሆነውን የሚያውቀው ራሱ ስለወሰነው ነው። በ1640ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጻፈው የካልቪናውያን የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ምዕራፍ 3 እግዚአብሔር ማንኛውንም ነገር የወሰነው ወደፊት እንደሚሆን ስላየ አይደለም ይላል፤ በዚያው ምዕራፍ ደግሞ ውሳኔው የፍጡራንን ፈቃድ እንደማይደፍር ያክላል። ከካቶሊክ የኢየሱሳውያን ማኅበር የሆነው ካህን ሉዊስ ደ ሞሊና በ1588 ባወጣው መጽሐፍ ሦስተኛ መንገድ ሞከረ፤ እግዚአብሔር እያንዳንዱ ሰው በየትኛውም ሁኔታ ውስጥ ቢገባ በነጻ ምን እንደሚመርጥ ያውቃል፣ ዓለምን ያዘጋጀውም ያንን እያወቀ ነው አለ። ሌላው የካቶሊክ ማኅበር፣ ዶሚኒካውያን፣ ተቃወሙት። ጉዳዩ ከ1597 እስከ 1607 ሮም ላይ ከተመረመረ በኋላ ጳጳስ ጳውሎስ 5ኛ አንዱንም ወገን ሳያወግዙ ዘጉት። አሥር ዓመት የተከራከሩ ሊቃውንት ያልቋጩትን ጥያቄ በአንድ ስብከት ዘጋሁት የሚል ሰው ካጋጠመዎት በጥንቃቄ ይስሙት።

«ምን ይለወጣል?» ለሚለው ክፍል ግን የሐዋርያት ሥራ 27ን ያንብቡ። መርከቡ ላይ 276 ሰዎች አሉ። መልአኩ አብረውት የሚጓዙት ሁሉ እንደተሰጡት ለጳውሎስ ነግሮታል (ቁ. 24)፤ መጨረሻው ታውቋል ማለት ነው። መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሉ ግን ጳውሎስ «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም» አለ (ቁ. 31)። ወታደሮቹም የታንኳውን ገመድ ቆረጡ። የዕድል እምነት «ገመዱ ቢቆረጥም ባይቆረጥም ያው ነው» ይላል። ቅድመ ውሳኔን የሚያስተምሩት ግን መዳኑን የወሰነ አምላክ የገመዱንም መቆረጥ አብሮ ወስኗል ይላሉ። ጸሎትዎና እምነትዎ ያሉት በገመዱ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ካልቪናዊና አርሚኒየሳዊ የሚባሉት በትክክል የሚለያዩት በምንድን ነው? ሁሉም ሰው ለየብቻው ነው የሚነግረኝ።

መልስ፦ ከሰነዶቹ እንነሳ። የኔዘርላንዱ የሥነ መለኮት መምህር ያዕቆብ አርሚኒየስ በ1609 ከሞተ በኋላ፣ በ1610 ትምህርቱን የተከተሉ ከ40 በላይ የኔዘርላንድ አገልጋዮች አምስት አንቀጽ ያለው አቤቱታ አቀረቡ። እግዚአብሔር ሊያድን የወሰነው በጸጋው በክርስቶስ የሚያምኑትንና በእምነት የሚጸኑትን ነው፤ ክርስቶስ ስለ ሁሉ ሞቷል፣ ይቅርታውን የሚያገኘው ግን ያመነ ነው፤ ሰው ከራሱ የሚያድን እምነት የለውም፣ ዳግመኛ መወለድ አለበት፤ የመልካም ነገር ሁሉ መጀመሪያውም መጨረሻውም ጸጋ ነው፣ ሆኖም ሰው ሊቃወመው ይችላል። አምስተኛው አንቀጽ አማኝ ከጸጋ ሊወድቅ ይችል እንደሆነ ከመጽሐፍ ገና ይመርመር ብሎ አቆየው።

ሦስተኛውን አንቀጽ ልብ ይበሉ። «አርሚኒየሳውያን ሰው በራሱ ጉልበት ይድናል ይላሉ» የሚለው ወሬ እዚህ ይወድቃል። እንዲያ ያለ ትምህርት የተወገዘው የፔላጊየስ ነው፤ በ418 በካርቴጅ ጉባኤ።

በዶርድሬክት ከኅዳር 1618 እስከ ግንቦት 1619 በ154 ስብሰባዎች የተቀመጠው የካልቪናውያን ጉባኤ፣ የዶርት ሲኖዶስ፣ ለአምስቱ አንቀጾች መልስ ሰጠ። ሦስተኛውንና አራተኛውን በአንድ ምዕራፍ አጣምሮ የመለሰው፣ ሦስተኛው ብቻውን ሲነበብ ነቀፌታ ስላልነበረበት ነው። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ምርጫው አስቀድሞ በታየ እምነት ላይ አልተመሠረተም፤ እምነት ራሱ ከምርጫው ይፈልቃል። ጸጋው ልብን ስለሚለውጥ ሰው በፈቃዱ ይመጣል።

እዚህም የተዛባ ወሬ አለ። «ካልቪናውያን ሰውን አሻንጉሊት ያደርጉታል» ይባላል። ዶርት ግን ጸጋ ሰውን እንደ ግንድና እንደ ድንጋይ አይገፋውም፣ ፈቃዱንም አይሽርም ይላል (ምዕራፍ 3 እና 4፣ አንቀጽ 16)። የክርስቶስ ሞትም ለዓለም ሁሉ ኃጢአት ከበቂ በላይ እንደሆነ ይመሰክራል (ምዕራፍ 2፣ አንቀጽ 3)፤ የሚገድበው የሞቱን ዋጋ ሳይሆን ፍሬው በሥራ የሚደርስለትን ሰው ነው። የካልቪናውያንን አምስት ነጥቦች ለማስታወስ በየቦታው የሚጠቀሰው «ቱሊፕ» የተባለ የአምስት ፊደል ማስታወሻ የ20ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝኛ ፈጠራ ነው። ሲኖዶሱ የጀመረው ከምርጫ ነው፤ ማስታወሻው ግን የቱሊፕን ፊደላት ለማስገጠም ከሰው ውድቀት ይጀምራል።

ከሁለቱ ውጭ ያሉትንም አይርሱ። ሉተር በ1525 ለነጻ ፈቃድ ለተከራከረው ሊቅ ለኢራስመስ ሲመልስ የሰው ፈቃድ በመዳን ነገር ባሪያ ነው አለ፤ በ1577 የወጣው የሉተራውያን የስምምነት ቀመር ግን ምርጫ ለሕይወት ብቻ ነው፣ ለጥፋት የተመረጠ የለም፣ ጸጋንም መቃወም ይቻላል ይላል። ካቶሊኮች በ1547 በትሬንት ጸጋው እንደሚቀድምና ያነቃው ፈቃድ እንደሚተባበረው ወስነዋል። የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በ1672 በኢየሩሳሌም ሲኖዶስ የካልቪንን የቅድመ ውሳኔ ትምህርት አልተቀበሉም።

ጥያቄ፦ «አስቀድሞ መወሰን» የሚለው ቃል ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ?

መልስ፦ አለ። ፕሮኦሪዞ የተባለው የግሪክ ግሥ በአዲስ ኪዳን 6 ጊዜ ይገኛል፦ ሐዋ. 4፥28፤ ሮሜ 8፥29 እና 30፤ 1 ቆሮ. 2፥7፤ ኤፌ. 1፥5 እና 11። ስድስቱንም ጽፈው «የተወሰነው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ልጁን መምሰል፣ ልጅነት፣ የክርስቶስ ስቅለት፣ ለክብራችን የተሰወረ ጥበብ ነው። በዚህ ቃል ለጥፋት ተወሰነ የተባለ ሰው የለም። ለጥፋትም ውሳኔ አለ የሚሉት የሚጠቅሱት 1 ጴጥ. 2፥8ን የመሰሉ ሌሎች ቃላት ያሉባቸውን ክፍሎች ነው፤ ስለዚህ ክርክሩ በአንድ ቃል ቆጠራ አይዘጋም።

ጥያቄ፦ ሮሜ 9 ላይ «ያዕቆብን ወደድሁ ኤሳውን ጠላሁ» ተብሏል፤ ገና ሳይወለዱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

መልስ፦ ትልቁ ስሕተት ምዕራፉን ከቁጥር 11 ጀምሮ ቁጥር 23 ላይ ማቆም ነው። አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው፤ ከ9፥1 እስከ 11፥36 አንድ ሙግት ነው። የሚመልሰው ጥያቄ ቁጥር 6 ላይ አለ፦ እስራኤል መሲሑን ካልተቀበለ የእግዚአብሔር ቃል ወደቀ ማለት ነው? መጨረሻው ደግሞ 11፥32 ነው፦ እግዚአብሔር ሁሉን ይምር ዘንድ ሁሉን በአለመታዘዝ ዘግቶታል።

ቀጥሎ ጳውሎስ የጠቀሳቸውን ቦታዎች ከፍተው ያንብቡ። «ታላቁ ለታናሹ ይገዛል» የተባለው በዘፍጥረት 25፥23 ነው፤ እዚያው ቁጥር ላይ ለርብቃ «ሁለት ወገኖች በማኅፀንሽ ናቸው» ተብሏል። ኤሳው በዕድሜው ለያዕቆብ ሲገዛ አናይም፤ ኤዶም ግን ለእስራኤል ተገዝቷል። «ኤሳውን ጠላሁ» የሚለው ከሚልክያስ 1 ነው። ልጆቹ ከተወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለ ኤዶም ምድር የተነገረ ነው። «መጥላት» የሚለውም አንዳንዴ «ከሌላው አሳንሶ መውደድ» ማለት እንደሆነ ሉቃስ 14፥26ን ከማቴዎስ 10፥37 ጋር አስተያይቶ ማየት ይቻላል። የሸክላ ሠሪው ምሳሌ የሚያስታውሰን ኤርምያስ 18ም ሕዝቡ ቢመለስ ሠሪው አሳቡን እንደሚለውጥ ይናገራል (ቁ. 7–10)። ከዚህ ተነሥተው አርሚኒየሳውያን ምዕራፉ የሚናገረው ስለ ሕዝቦችና በታሪክ ስላላቸው ድርሻ ነው ይላሉ።

ካልቪናውያንም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ጳውሎስ ምዕራፉን የከፈተው ስለ ሥጋ ዘመዶቹ ከክርስቶስ ተለይቶ የተረገመ መሆንን እስከ መመኘት በሚደርስ ኀዘን ነው፤ ይህ ስለ መዳን ካልሆነ ስለ ምን ነው? ቁጥር 16 ደግሞ ነገሩ ለወደደ ወይም ለሮጠ እንዳልሆነ ይናገራል። ከሁሉ የሚከብደው ቁጥር 19 ነው፦ «ፈቃዱን የሚቃወም ማን ነው? ታዲያ ስለ ምን ይነቅፋል?» ጳውሎስ ያስተማረው ምርጫው በታየ እምነት ላይ ቆሟል የሚል ቢሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ ማን ያነሣበት ነበር?

በእኛ ግምት የሕዝቦች ንባብ ቁጥር 12 እና 13 ላይ ይበረታል፣ ቁጥር 19 ላይ ይጨነቃል፤ የካልቪናውያኑ ንባብ በተቃራኒው። ቁጥር 22 እና 23 ላይ ያለ የሰዋስው ልዩነትም አለ። የምሕረት ዕቃዎችን አስቀድሞ ያዘጋጀ እግዚአብሔር መሆኑ በግልጽ ተነግሯል፤ የቁጣ ዕቃዎች ግን «ለጥፋት የተዘጋጁ» ብቻ ተብለዋል፣ ማን እንዳዘጋጃቸው አልተጻፈም። ይህን ዝምታ በየትኛውም ወገን ቃል መሙላት ቀላል ነው፤ መጽሐፉ ግን አልሞላውም።

ጥያቄ፦ የፈርዖንን ልብ ያጸናው እግዚአብሔር ነው ወይስ ራሱ ፈርዖን?

መልስ፦ ሁለቱም ተጽፏል፤ ቅደም ተከተሉን በእርሳስ እያሰመሩ ይከተሉ። በመጀመሪያዎቹ አምስት መቅሠፍቶች ወይ «ልቡ ጸና» ይላል ወይ ፈርዖን ልቡን አደነደነ ይላል (ለምሳሌ ዘጸ. 8፥15 እና 32)። በመቅሠፍቶቹ መካከል እግዚአብሔር አጸናው የሚለው መጀመሪያ የሚመጣው በስድስተኛው፣ በቍስሉ ነው (9፥12)። ይህን ይዘው «ፈርዖን ጀመረ፣ እግዚአብሔር በፍርድ አጸናበት» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን 4፥21 እና 7፥3 ላይ መቅሠፍቱ ሳይጀመር እግዚአብሔር አጸናዋለሁ ብሏልና እነዚያን ዘልሎ ማለፍ አይገባም። 9፥34 እና 10፥1ን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ ያንኑ መደንደን አንዱ ለፈርዖን፣ ሌላው ለእግዚአብሔር ይሰጠዋል።

ጥያቄ፦ ከተመረጡት መሆኔን በምን አውቃለሁ? ይህ አሳብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

መልስ፦ ከውሳኔው አይጀምሩ። የተሰወረውን መዝገብ ለመክፈት የሚሞክር ሰው የሚያገኘው የራሱን ስሜት ነው፤ ስሜት ደግሞ ጠዋትና ማታ ይለያያል። ካልቪን ራሱ ምርጫችንን የምናይበት መስተዋት ክርስቶስ ነው ይላል። ስለዚህ ዮሐንስ 6፥37ን ሙሉውን ይያዙ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ አብ ስለሰጣቸው ይናገራል፣ ሁለተኛው ወደ እኔ የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አላወጣውም ይላል። የእርስዎ ድርሻ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነው። የሕይወት ፍሬ (2 ጴጥ. 1፥5–10) ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደጋፊ ምስክር እንጂ መሠረቱ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ወይ ይታበያል ወይ ተስፋ ይቆርጣል።

የዌስትሚንስተር መግለጫ ምዕራፍ 18 እውነተኛ አማኝ ይህን እርግጠኝነት ለማግኘት ብዙ ሊቆይ፣ ካገኘውም በኋላ ሊናወጥበት እንደሚችል ይናገራል፤ ስለዚህ ጥርጣሬዎ በራሱ የአለመመረጥ ምልክት አይደለም። ትምህርቱን በመቀየርም ጭንቀቱ አይሸሽም። ካልቪናዊው «ተመርጬ ይሆን?» ሲል አርሚኒየሳዊው «በበቂ ጸንቼ ይሆን?» ይላል። አሳቡ ለሳምንታት እየተመላለሰ እንቅልፍና ሥራ ከነሣዎት ለንስሐ አባትዎ ወይም ለመጋቢዎ ይንገሩ፤ ሐኪምም ያማክሩ። እንዲህ ያለ የሚደጋገም አሳብ ሕክምና ሊያሻው ይችላል፤ ይህም እምነት ማነስ አይደለም።

ጥያቄ፦ አንዴ የዳነ ሰው ሊጠፋ ይችላል?

መልስ፦ አርሚኒየሳውያን በአብዛኛው አዎን ይላሉ፣ ዕብ. 6፥4–6ን ይዘው፤ ሉተራውያንም ሊወድቅም ሊመለስም ይችላል ይላሉ። ካልቪናውያን ዳግመኛ የተወለደ እስከ መጨረሻው አይጠፋም ይላሉ፤ ትቶ የሄደውን በ1 ዮሐ. 2፥19 ያስረዱታል። ዮሐ. 10፥28 ላይ «ከእጄ ማንም አይነጥቃቸውም» የሚለውን አንዱ ወገን «ማንም» ራሱን ሰውየውንም ይጨምራል ሲል፣ ሌላው መነጠቅና በገዛ እግር መውጣት ይለያያሉ ይላል። «አንዴ ከዳንህ እንደፈለግህ ኑር» የሚለው ስብከት ግን የዶርትም አይደለም። ሲኖዶሱ የዳዊትንና የጴጥሮስን ከባድ ውድቀት ጠቅሶ፣ ቅዱሳን የሚጠበቁት በእምነትና በንስሐ እየተመለሱ መሆኑን ያስተምራል።

ጥያቄ፦ የተመረጡት ታውቀው ካለቁ ወንጌል መስበክ ለምን?

መልስ፦ ጌታ በቆሮንቶስ ለጳውሎስ በሌሊት ራእይ «በዚህ ከተማ ብዙ ሕዝብ አለኝና ተናገር፣ ዝም አትበል» ብሎታል (ሐዋ. 18፥9–10)። ጳውሎስ ይህን ሲሰማ «ካሉህማ እኔ ልሂድ» አላለም፤ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተማረ።